ለሊኑክስ ስክራች የለም ለተባላችሁ፦ ተርቦዋርፕ ዴስክቶፕ ሪቪው

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ልጅ ኮዲንግ ማስጀመር ፈልጋችሁ ቤት ያለው ኮምፒውተር ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ከሆነ ኦፊሻሉን የስክራች አፕ ፍለጋ አትድከሙ፣ የለም። የስክራች ዳውንሎድ ገጽ ላይ ዊንዶውስ አለ፣ ማክ አለ፣ ክሮምቡክ አለ፣ አንድሮይድ አለ፣ ሊኑክስ ግን የለም። እኔ ልጆች በሚነካኩት ማሽን ሁሉ ላይ አሁን የምጭነው ተርቦዋርፕ ዴስክቶፕ የሚባለውን ነው። ነጻ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ከዋናው ስክራች በደንብ ይፈጥናል። እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፣ አለው፣ እሱንም እጽፋለሁ።

ስክራች ራሱ ምንድነው ለምትሉ ባጭሩ፦ አሜሪካ ያለው የኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ውስጥ ሚቸል ሬዝኒክ የሚመራው ቡድን ሰርቶ በ2007 ለህዝብ የለቀቀው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው)፣ ልጁ ኮድ በመጻፍ ፋንታ ባለቀለም ብሎኮችን እየጎተተ የሚገጣጥምበት፣ ጌም፣ ካርቱን፣ ሙዚቃ ምናምን የሚሰራበት ፕሮግራም ነው። በዋናነት ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሰራ ነው፣ አሁን የሚያስተዳድረው ስክራች ፋውንዴሽን ነው። ተርቦዋርፕ ደግሞ የዚሁ የስክራች ኮድ ክፍት ስለሆነ እሱን ወስደው ሌሎች ሰዎች ያፈጠኑትና የጨማመሩበት ነው፣ ከስክራች ቡድን ጋር በይፋ ግንኙነት የለውም፣ ግን ልጁ ሲከፍተው የሚያየው ያው ራሱን ስክራችን ነው።

ሊኑክስ ለምን አስፈለገ ለሚለው መልሱ ብር ነው። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ ሰፖርቱ አልቋል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለ ኢንቴል በመደበኛው መንገድ አይቀበልም፣ እኛ ሀገር ያገለገለ ተብሎ በየኮምፒውተር ቤቱ የሚሸጠው ላፕቶፕ ደግሞ ብዙው ከዛ በታች ነው። 4 ጂቢ ራም ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ ሀርድ ዲስኩን አውጥታችሁ ኤስኤስዲ ስታስገቡበትና ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ (ቀለል ያለ የሊኑክስ አይነት) ስትጭኑበት ለልጅ ከበቂ በላይ የሆነ ማሽን ይወጣዋል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የእህቴን ልጆችና የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ የማስተምርባቸው እንደዚህ አይነት ማሽኖች ናቸው፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ከነቫይረሱ ለልጅ ከመስጠት ደግሞ ይሄ መቶ እጥፍ ይሻላል።

የሚገርመው ነገር ስክራች ድሮ ሊኑክስ ላይ ነበር። በ2009 የወጣው ስክራች 1.4 ስኩዊክ በሚባል ሲስተም ላይ የተሰራ ስለነበር ሊኑክስ ላይ ያለችግር ይሰራ ነበር፣ ኡቡንቱና ዴቢያን በሚባሉት የሊኑክስ አይነቶች ፓኬጅ ውስጥም ገብቶ ነበር። ከዛ በ2013 ስክራች 2.0 መጣና ሙሉ በሙሉ ወደ ፍላሽ ዞረ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሰራው አፕ ደግሞ አዶቤ ኤይር የሚባል ነገር ይፈልጋል፣ አዶቤ ግን ለሊኑክስ ኤይር መስራት ያቆመው በ2011 ነው። በቃ አስቡት፣ አፕ ይለቀቃል፣ የሚሰራበት መሰረት ግን ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ያንን ለማስኬድ የ32 ቢት ላይብረሪ እየለቃቀመ የቆየ የኤይር ቨርዥን በግድ መጫን ነበረበት። በጃንዋሪ 2019 ስክራች 3.0 ሲመጣ ፍላሽ ተጣለና ነገሩ ሁሉ በኤችቲኤምኤል5 እና ጃቫስክሪፕት ተሰራ፣ ያን ጊዜ ዴስክቶፕ አፑም በኤሌክትሮን ስለተሰራ (ኤሌክትሮን በድረገጽ ቋንቋ የተጻፈን ነገር ዴስክቶፕ አፕ የሚያደርግ መሳሪያ ነው፣ ሊኑክስ ላይ በደንብ ይሰራል) ለሊኑክስም ይለቁታል ብሎ የጠበቀ ብዙ ነበር፣ አልለቀቁትም። ራስፕቤሪ ፓይ በሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አለ፣ ፓይ ራሱ የሚሰራው በዴቢያን ሊኑክስ ሆኖ ማለት ነው፣ እሱም ቢያንስ ፓይ 4 ከ2 ጂቢ ራም ጋር ይመከራል። የኛ ላፕቶፖች ደግሞ ፓይ አይደሉም።

እሺ ለምን በብራውዘር አይጠቀሙም የሚል ይኖራል፣ ትክክል ነው፣ ፋየርፎክስ ወይ ክሮሚየም ከፍታችሁ የስክራች ድረገጽ ላይ ገብታችሁ አካውንት እንኳን ሳታወጡ መስራት ትችላላችሁ፣ የሰራችሁትንም ኮምፒውተራችሁ ላይ ሴቭ ታደርጋላችሁ። ኔትወርክ ጥሩ ከሆነ፣ ማሽኑም ደህና ከሆነ ይሄ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ለአንድ ልጅ ለመሞከር ያህል ከሆነ በዚሁ ጀምሩ። ብዙ ልጅ ካለ ግን ሁሉም የየራሱን ገጽ ሲከፍት፣ ከላይብረሪው ስዕልና ድምጽ ሲያወርድ ዳታው ያልቃል፣ ዋይፋይ ሲቆራረጥ ደግሞ ልጆቹ ቁጭ ብለው እርስ በርስ መደባደብ ይጀምራሉ። ሌላው ዌብጂኤል የሚባለው ጣጣ ነው። ስክራች 3 ስዕሉን የሚስለው በዌብጂኤል ስለሆነ ግራፊክሱ በጣም አሮጌ ሲሆን ብራውዘሩ ራሱ አይሆንም ብሎ ይዘጋዋል፣ ልጁ የሚያየው ብራውዘርህ ዌብጂኤል አይደግፍም የሚል ጽሁፍ ብቻ ነው። ክሮሚየም ሴቲንግ ውስጥ የግራፊክስ አክስለሬሽኑ መብራቱን አረጋግጡ፣ ሲስተሙን አፕዴት አድርጉ፣ እምቢ ካለ ክሮሚየም ፍላግስ ውስጥ የጂፒዩ ብሎክሊስቱን (የተከለከሉ ግራፊክሶች ዝርዝሩን) ችላ በል የሚለውን ኢኔብል ማድረግ ይቻላል፣ አንዳንዴ ያድናል አንዳንዴ ደግሞ ስክሪኑን ብልጭ ድርግም ያደርገዋል።

ወደ ተርቦዋርፕ አጫጫን ልምጣ፣ እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። ለሊኑክስ በብዙ አይነት መንገድ ይለቁታል፦ ፍላትፓክ አለ፣ ስናፕ አለ፣ አፕኢሜጅ አለ፣ ዴብ ፋይል አለ፣ ለሌላው ደግሞ ታር ጂዚ አለ። ሊኑክስ ሚንት የምትጠቀሙ ከሆነ ሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ ፍላትሃብ (የፍላትፓክ አፖች ማከማቻ) አብሮ ስለመጣ ተርቦዋርፕ ብላችሁ ፈልጋችሁ ኢንስቶል ማለት ነው፣ አለቀ፣ አፕዴቱም ለብቻው ይመጣል። ችግሩ ዳታ ነው። ፍላትፓክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጭኑ አፑን ብቻ አያወርድም፣ ራንታይም የሚባለውን መሰረቱንም አብሮ ነው የሚያወርደው፣ እሱ ደግሞ ብዙ መቶ ሜጋ ነው፣ የሞባይል ዳታ ሆትስፖት አድርጋችሁ ከጀመራችሁት ፓኬጁ ሳያልቅ እናንተ ታልቃላችሁ። ስናፕ ኡቡንቱ ላይ አብሮ ይመጣል፣ ሚንት ላይ ግን ከ2020 ጀምሮ ሆን ብለው ስለዘጉት እሱን ለመክፈት አትድከሙ፣ አያስፈልግም።

አፕኢሜጅ ሲታይ ቀላል ይመስላል፣ አንድ ፋይል ነው፣ አይጫንም፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ እንደ ፕሮግራም እንዲሰራ ፍቀዱለት ከዛ ደብል ክሊክ። ግን ከኡቡንቱ 22.04 ወዲህ አፕኢሜጅ የሚፈልገው ፊውዝ 2 የሚባለው ላይብረሪ አብሮ አይመጣም፣ ስለዚህ ደብል ክሊክ ታደርጋላችሁ ምንም አይፈጠርም፣ ኤረር እንኳን አያሳይም፣ ዝም። እሱን ከጫናችሁ በኋላም ኡቡንቱ 24.04 ላይ አፕአርመር የሚባለው የሴኪዩሪቲ ህግ ስለጠበቀ የኤሌክትሮን አፕኢሜጆች ሳንድቦክስ (አፑን ከቀረው ሲስተም የሚለይ ጥበቃ) አይፈቀድም ብለው ሊዘጉ ይችላሉ። ኢንተርኔት ላይ ሳንድቦክሱን አጥፍተህ ክፈተው የሚል ምክር ሞልቷል፣ ለልጅ ማሽን ያንን ከማድረግ ዴብ ፋይሉን ተጠቀሙ ባይ ነኝ።

የኔ ምርጫ ዴብ ነው። አንድ ቦታ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቁጭ ብላችሁ አንዴ ታወርዱታላችሁ፣ ፍላሽ ላይ ትገለብጣላችሁ፣ ከዛ ኡቡንቱም ይሁን ሚንት ይሁን ዴቢያን በየማሽኑ እየዞራችሁ ደብል ክሊክ ኢንስቶል፣ ፓስወርድ፣ አለቀ። ራንታይም የለ ምን የለ። ጉዳቱ አዲስ ቨርዥን ሲመጣ ራሳችሁ እንደገና አውርዳችሁ መጫን አለባችሁ፣ ለልጆች ግን የግድ የመጨረሻው ቨርዥን መሆን የለበትም። ደግሞ ስታወርዱ ፋይሉ ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደሆነ አስተውሉ፣ ለተራ ኢንቴልና ኤኤምዲ ላፕቶፕ 64 ቢት የሚለውን ነው የምትፈልጉት፣ አርም የሚለው ለፓይና ለመሳሰሉት ነው።

አሁን ስራው ላይ እንዴት ነው። ፍጥነቱ ወሬ አይደለም፣ ልዩነቱ በአይን ይታያል። ዋናው ስክራች ብሎኮቹን እያነበበ አንድ በአንድ ነው የሚያስኬዳቸው፣ ተርቦዋርፕ ግን መጀመሪያ ወደ ጃቫስክሪፕት ኮምፓይል ስለሚያደርጋቸው አሮጌ ማሽን ላይ ክሎን (ጌሙ ሲሄድ የሚባዛ የአንድ ምስል ቅጂ) የበዛበት ጌም ሲጀመር የሚንተፋተፈው ነገር በጣም ይቀንሳል። በሴቲንግ ደግሞ በሰከንድ ከተለመደው 30 ፍሬም (ምስል) ወደ 60 ማድረግ ይቻላል፣ ልጆቹ ይሄን ሲያገኙ ያብዳሉ። ስዕሎቹና ድምጾቹም አብረው ስለተጫኑ ዋይፋይ ጠፋ አልጠፋ ስራ አይቆምም።

ግን ለኔ ትልቁ ነገር ፍጥነቱ አይደለም፣ ሪስቶር ፖይንት የሚሉት ነው። ፋይል ሜኑ ውስጥ አለ፣ በየ5 ደቂቃው ልጁ የሚሰራውን ራሱ ያስቀምጣል። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ፣ መብራት ደግሞ ሲፈልግ የሚሄድ በሆነበት ቤት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግርም፣ ልጅ ግማሽ ቀን የሰራው ጌም ሲጠፋበት ሊያለቅስ ብቻ አይደለም ሁለተኛ ኮምፒውተሩ ጋር ላይመለስ ይችላል። መብራቱ ሲመጣ ሪስቶር ፖይንት ከፍታችሁ የመጨረሻውን መምረጥ ነው። እሱ ግን ሴቭ ማድረግን አይተካም፣ የሚቀመጠው አፑ ውስጥ ስለሆነ ማሽኑ ከተበላሸ አብሮ ይሄዳል፣ ልጆቹን ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ አስለምዷቸው።

ሁለተኛው ፓኬጀር ነው። ልጁ የሰራውን ጌም ወደ አንድ ኤችቲኤምኤል ፋይል ይቀይርለታል፣ ያ ፋይል በቴሌግራም ይላካል፣ የተቀበለው ሰው ስልኩ ላይ በብራውዘር ከፍቶ ይጫወታል፣ ምንም መጫን የለበትም። አንዱ ልጅ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ ስሎ መንገድ ላይ ሰው የሚለቅም ጌም ሰራ፣ የረዳቱን ድምጽ ራሱ በማይክ ቀድቶ አስገባበት፣ "ሜክሲኮ ሜክሲኮ፣ የሞላ!" እያለ ይጮሃል፣ ሰው አንድ ብቻ ነው የጫነው ግን የሞላ ይላል (ይሄንን ባግ ነው ብዬ ላርመው ስል ትክክል ነው ብሎ ተከራከረኝ፣ ምን እላለሁ)። ለአያቱ በስልክ አሳያት፣ እሷም "አንተ ልጅ፣ ትምህርት ነው ያልከኝ፣ ይሄ ጌም አይደለም እንዴ?" አለችኝ፣ ልጁ ቀድሞኝ "እማማ፣ እኔ ነኝ የሰራሁት እኮ!" አላት። ሌላዋ ደግሞ ሊስት የሚባለውን ብሎክ ተጠቅማ ገበጣ ጀምራለች፣ ጠጠሩን መቁጠሩና ማዞሩ አልቋል፣ ማን አሸነፈ የሚለው ላይ ናት።

አማርኛውስ? ስክራች አማርኛ አለው፣ ተርቦዋርፕም ይሄንኑ ስለሚጠቀም ቋንቋው ሜኑ ውስጥ አማርኛ ብላችሁ ስትመርጡ ብሎኮቹ ወደ ግዕዝ ፊደል ይቀየራሉ። ገና እንግሊዝኛ ያላነበበ ልጅ በዚህ ይጀምር፣ ተለቅ ያለው ዩቲዩብ እያየ ስለሚሰራ እንግሊዝኛውን ይመርጣል፣ አታስገድዱት። የቬሪያብል (ቁጥር ወይ ጽሁፍ የሚቀመጥበት) ስምም በአማርኛ ይሰራል፣ "ነጥብ"፣ "ሂሳብ"፣ "ነፍስ" ብሎ መሰየም ይችላል። ለዚህ ግን ሊኑክሱ መዘጋጀት አለበት። ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከታየ ፎንት የለም ማለት ነው፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይ አቢሲኒካን ጫኑ፣ ሁለቱም ዴቢያንና ኡቡንቱ ፓኬጅ ውስጥ አሉ። ለመጻፍ ደግሞ አይባስ የሚባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም ከኤም17ኤን ፓኬጁ ጋር ጭናችሁ፣ ሎግአውት ብላችሁ ተመልሳችሁ፣ አማርኛ ሴራ የሚለውን ኪቦርድ ጨምሩ፣ በላቲን ኪቦርድ እንደሚሰማ እየጻፋችሁ ግዕዝ ይወጣል፣ ስልክ ላይ አማርኛ የጻፈ ልጅ ወዲያው ይለምደዋል። ጽሁፍን ወደ ድምጽ የሚቀይረው ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ብሎኮች) ግን አማርኛ የለውም፣ ኢንተርኔትም ይፈልጋል፣ ስለዚህ እንደ ታክሲው ረዳት በራስ ድምጽ መቅዳት ይሻላል፣ ያስቃልም።

ወደ እንከኖቹ። አንደኛ፣ ተርቦዋርፕ የራሱ ብዙ ኤክስቴንሽን አለው፣ ዋናው ስክራች ግን እነሱን አያውቃቸውም። የሁለቱም የፕሮጀክት ፋይል ያው ኤስቢ3 የሚባለው ስለሆነ ወዲያና ወዲህ ይከፈታል፣ ልጁ ግን አንዱን ልዩ ኤክስቴንሽን ከተጠቀመ ፕሮጀክቱን ስክራች ድረገጽ ላይ ልጫን ሲል አይቀበለውም፣ ትምህርት ቤታቸው ስክራች የሚያስተምር ከሆነ ይሄን ቀድማችሁ ንገሩት። 60 ፍሬሙም፣ ገደብ የሌለው ክሎኑም (ዋናው ላይ 300 ነው ጣሪያው)፣ የስክሪኑን መጠን መቀየሩም እንደዛው ነው፣ እዚህ የሰራ እዛ ይዛባል። እኔ ለጀማሪ እነዚህን አልነካቸውም። ሁለተኛ፣ ሴቲንጉ በጣም ብዙ ነው፣ ልጅ ብሎክ ከመስራት ይልቅ ቀለም ሲቀያይር ሊውል ይችላል፣ ዳርክ ሞድ ካገኘ ቀኑ አለቀ በሉ። ሶስተኛ፣ ያው ኤሌክትሮን ስለሆነ ራም ይበላል፣ 4 ጂቢ ላይ ለብቻው ከሆነ ምቹ ነው፣ ጎን ለጎን ብራውዘር በአስር ታብ ከተከፈተ ግን ማሽኑ ይታነቃል፣ 2 ጂቢ ላይ አልመክርም። ከማታውቁት ሰው የመጣ ኤክስቴንሽን ልጫን ወይ ብሎ ሲጠይቅም እምቢ በሉ፣ ልጆቹንም አስተምሯቸው።

ወላጆች ስለ ኦንላይን ነገር ከሰጋችሁ ደግሞ ዴስክቶፑ ላይ ኮሜንት የለም፣ ቻት የለም፣ አካውንት የለም፣ ልጁና ብሎኩ ብቻ ናቸው። ልጆች የሌላውን ስራ አይተው መማራቸው ግን የስክራች ግማሽ ጥቅም ነው፣ ይሄ ይቀርባቸዋል፣ ለዛ አልፎ አልፎ ድረገጹን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ማሳየት ነው።

ማይክሮቢት (ልጆች ኮድ የሚጭኑባት ትንሽ ሰርኪት ቦርድ) ወይ የሌጎ ሮቦት ያላችሁ እዚህ ትቸገራላችሁ። ስክራች ከነሱ ጋር የሚገናኘው ስክራች ሊንክ በሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው፣ እሱም ለሊኑክስ በይፋ የለም። ማይክሮቢት ከሆነ ስክራችን እርሱትና ሜክኮድ የሚባለውን በብሎክ ኮድ መስሪያ በብራውዘር ተጠቀሙ፣ ብሎኩ ተመሳሳይ ነው፣ ማይክሮቢቱን በዩኤስቢ ስትሰኩት እንደ ፍላሽ ዲስክ ስለሚታይ የወረደውን ሄክስ ፋይል እዛ ላይ መገልበጥ ብቻ ነው፣ ሊኑክስ ላይ ያለምንም ድራይቨር ይሰራል።

እድሜ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጅ ይሄ ሁሉ ይከብዳል፣ ለነሱ ጂኮምፕሪን ከሶፍትዌር ማናጀር ጫኑላቸው፣ ማውስ አያያዝ፣ ቁጥር፣ ፊደል ጨዋታ አለው፣ ፕሮግራሚንግ የሚያስጀምር ትንሽ የመንገድ ጨዋታም ውስጡ አለ። ብሎክ የሰለቸው የ12 ምናምን ዓመት ልጅ ካለ ደግሞ ቶኒ የሚባለውን ፓይተን መጻፊያ ስጡት፣ ከኢስቶኒያ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፣ እሱም በፓኬጅ አለ፣ ቀላል ነው። በሁለቱ መሀል ኬተርትል አለ፣ ኤሊዋን በትዕዛዝ እያዘዙ መስመር የሚስሉበት፣ እኔ ብዙም አልወደድኩትም ግን ስዕል የሚወዱ ልጆች ይወዱታል።

የመጨረሻ፣ 32 ቢት ብቻ የሆነ የድሮ ኔትቡክ ያላችሁ። ተርቦዋርፕ እዛ ላይ አይሆንም፣ ዘመናዊ ሚንትም አይሆንም። ዴቢያን 12 አሁንም 32 ቢት አለው፣ እሱን ቀለል ካለ ዴስክቶፕ ጋር ጭናችሁ ያንን የ2009ኙን ስክራች 1.4 ከፓኬጁ ማውጣት ይቻላል። ክሎን የለውም፣ የራስን ብሎክ መስራትም የለውም፣ አዲሱን ኤስቢ3 ፋይልም አይከፍትም፣ እዛ የተሰራው ፋይል ግን ተርቦዋርፕ ላይ ይከፈታል፣ ስለዚህ ልጁ ኔትቡኩ ላይ የጀመረውን ሌላ ማሽን ላይ መቀጠል ይችላል።